ጢማሙ ዓሣ የትኛው ነው?

ሰኞ ንጋት፤ ቢሾፍቱ

ወገግ ሲል ከቤት ወጣሁ። ወንድሜ ሪህ ከያዘው ወዲህ መንገድ አይችልም፤ ስለዚህ ለሴት ልጁ ለአስካለ የመጣውን ባል እኔ ሄጄ እንዳየው ተባለ። ባል የሚሆነው ቶላ ይባላል። ከአዳማ ወዲያ፣ ወንጂ አዋሽ ዳር፣ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ከብት አለው፤ ዓሣም ያጠምዳል። ክርስቲያን ነው፤ ዘሩም ተጠይቆ ነቀፋ አልተገኘበትም። ሁሉም ካለቀ በኋላ ግን አንድ ወሬ መጣ፤ ጢማም ዓሣ ይበላል አሉ። ክንፍና ቅርፊት የሌለው ዓሣ ለእኛ ርኩስ ነው። ጢማሙ ደግሞ ቅርፊት የለውም ይባላል። ወንድሜም ወሬው እውነት ከሆነ ጋብቻው ይቅር ብሏል።

አስካለ ስንቄን ስትቋጥር ቀና አላለችም። “አክስቴ፣ አደራ፣ ደህና አድርገው ይዩ” አለችኝ። ዓሣውን ይሁን ልጁን አልጠየቅኋትም።

ሐይቅ ዳር ተወልጄ ሐይቅ ዳር አርጅቻለሁ። በሰፈራችን ግን ዓሣ ሲበላ አይቼ አላውቅም።

ሰኞ ረፋድ፤ ባቡር ላይ

ንጉሡ ዘውድ ከጫኑ ወዲህ ባቡሩ ሰው ይበዛበታል። እግሯን የታሰረች ዶሮ፣ የበርበሬ ስልቻ፣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ በመስኮት የሚገባ ጥላሸት። ሞጆ ላይ አንድ የወሎ ነጋዴ ተሳፍሮ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ጉዳዬን ሲጠይቀኝ፣ ከመንገደኛ መደበቅ ምን ያደርጋል ብዬ ነገርሁት።

ለእነሱ ለእስላሞች የውሃ ፍጥረት ሁሉ ሐላል እንደሆነ አወራኝ። ዓሣ ማንም ባርኮ ስለማያርደው፣ ክርስቲያንና እስላም ሳይነቃቀፉ ከአንድ ገበታ የሚቀርቡበት እሱ ነው አለ። ከዚያ ረጅም ጢሙን ዳበሰ።

“እማማ፣ ጢም ያለው ሁሉ ርኩስ ከሆነ እኔስ ምን ልሁን?”

ፉርጎው ሁሉ ሳቀ። ነገሩ ለእኔ ከመጥራት ይልቅ ደፈረሰ።

ሰኞ ከቀትር በኋላ፤ አዳማ

አዳማ ሙቀትና አቧራ ነው። ከጣቢያው ወዲህ የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው የዓረብ ሱቆች፣ ጨው የጫኑ ግመሎች፣ በአንድ መሐለቅ እፍኝ ሙሉ ሎሚ። ገበያው ዳር ሁለት ሴቶች ከአዋሽ የመጣ የደረቀ ዓሣ ይሸጣሉ። ጢማሙ የትኛው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አንደኛዋ ቢልጫ ነው አለች። ሁለተኛዋ አምባዛ ነው አለች።

“ቢልጫም እኮ ጢም አለው” አለች የመጀመሪያዋ።

“እሱ ጢም ነው? የከንፈር ትርፍ ነው እንጂ! የባልሽ ጢም መስሎሽ ነው።”

እነሱ ሲሰዳደቡ እኔ ሄድሁ። የደረቀው ዓሣ ራሱ ስለተቆረጠ፣ ባየውም የሚገባኝ አልነበረም። የዘመድ ቤት አደርሁ።

ማክሰኞ፤ አዋሽ ዳር

በኪራይ በቅሎ በግራሩ መካከል ቁልቁል ወረድሁ። ረግረግ፣ ደንገል፣ ወባ የሚሸት አየር። ጉማሬ በሩቁ ያጉረመርማል። የቶላ እናት አዴ ጫልቱ ከደጅ ተቀበሉኝ። “አካም ጅርቱ፣ እትዬ” ብለው በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠይቀው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ አነሣኋቸው። ለምን እንደመጣሁ ያውቃሉ።

ቶላ ረጅም ነው፤ ንግግር አያበዛም። ጢማሙን ዓሣ አሳየኝ ስለው ከወንዙ ያወጣቸውን ሦስት ዓሣዎች ሣር ላይ አጋደመልኝ። ቆሮሶ የሚሉት ጎኑ ሰፊ ነው፤ የጀርባው ክንፍ እሾህ አለው። ቢልጫው ረዘም ይላል፤ ቅርፊቱ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል፤ ከአፉ ግራና ቀኝ አጫጭር ጢም ተንጠልጥሏል። አምባዛው ጥቁር ነው፤ ራሱ ጠፍጣፋ፣ ጢሙ ረጃጅም። ዳበስሁት። ቅርፊት የለውም፤ እንደ እርጥብ ሳሙና ያሟልጫል። ሁለቱ ከሞቱ ቆይተዋል፤ እሱ ገና ያቃስታል።

እንዴት እንደሚኖር ጠየቅሁ። ቶላ የዓሣውን ጉንጭ ፈልቅቆ ከመተንፈሻው በላይ ያለውን አሳየኝ፤ ትንሽ ቀይ ቁጥቋጦ የሚመስል ሥጋ ነው። እንደ እኛ ከላይ አየር የሚስበው በዚህ ሳይሆን አይቀርም አለ። ጭቃ ውስጥ ዓይን ስለማይረዳም በጢሙ እየዳሰሰ ይበላል። ዓሣ ነው ወይስ አውሬ ብዬ ብጠይቀው እሱም ግራ ገብቶት ትከሻውን ነቀነቀ።

“የምትበላው የትኛውን ነው?” አልሁት።

እናቱ ቀደሙት። “ቢልጫውን ነው፣ እትዬ። ጢሙን አይተው ነው ሰዎቹ የተሳሳቱት።”

ደስ አለኝ። ሁለቱም ጢም ካላቸው ወሬው ስሕተት ነበር፤ ለወንድሜ ይህንኑ ብል ያበቃል።

ቶላ ቢላዋውን በሣር ጠረገ። “እማዬ፣ ተይ” አለ። ወደ እኔም ዞሮ፣ “አምባዛውንም በልቻለሁ። ወንዙ የደረቀ ጊዜ ከብቱ አለቀ፤ ሌላው ዓሣም አለቀ። እሱ ብቻ ጭቃ ውስጥ በሕይወት ቆየ። ቆፍሬ አወጣሁት። ንስሐ ገብቻለሁ፤ ግን አልበላሁም አልልም” አለኝ።

እናቱ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እሳቸውም በልተው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ምሳ ቀረበልኝ፤ ሽሮ ነው።

ረቡዕ፤ መልስ

ባቡሩ ዘገየ። በሐሳቤ ሦስቱን ዓሣ ደጋግሜ አጋደምሁ። እናቲቱ ያሉትን ብናገር አስካለ ትዳራለች፤ ልጁ ያለውን ብናገር አትዳርም። የትኛው ደግነት እንደሆነ አልገባኝም።

ሐሙስ ጠዋት፤ ቢሾፍቱ

ወንድሜ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ጠበቀኝ።

“ጢማሙን ይበላል?”

“ጢማሙ ሁለት ነው። አንዱ ቅርፊት አለው፣ አንዱ የለውም።”

“የትኛውን በላ?”

“ሁለቱንም።”

ችጋሩንም ጭቃውንም ነገርሁት። ማን እንደነገረኝ ጠየቀ። ራሱ አልሁት፤ እናቱ ሊያድኑት ሲሞክሩ እሱ እምቢ እንዳለ ጨመርሁ። ከጓዳ የአስካለ ወፍጮ ድምፅ ቆመ። ወንድሜ እግሩን ከበርጩማው አወረደ።

“አልዋሸም። የልጁ ሽማግሎች ይምጡ በያቸው” አለ። “ዓሣ ግን ይዘው እንዳይመጡ።”