እብነ በረድ ላይ የቆመ ክሪክ

ፖሊስ ወረቀት የሌላቸውን ስደተኞች በሚያፍስበት በዚያ ወቅት ጅዳ ውስጥ ጎማ ቤቶቹ ሁሉ ተዘግተው ነበር። ሠራተኞቹ የተያዙት ተይዘው የቀሩት ተደብቀዋል። የሰው መኪና ጎማ ግን አፈሳ አለ ብሎ ማለቁን አይተውም። ሩዋይስ ሰፈር የሚኖር አንድ አዛውንት አራት አዲስ ጎማ ከነቸርኬው ገዝቶ ግቢው ውስጥ አስቀመጠና የአክስቴን ልጅ በስልክ ጠራው። እኔም ተከትዬ ሄድኩ። ሁለታችንም ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ወረቀት፣ አልነበረንም።

የአክስቴ ልጅ በአሥር ዓመት ስለሚበልጠኝ አያ እለዋለሁ። ወሎ ሳለን የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ጎማ መቀየር የተማርኩት ከእሱ ነው። ሥራው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ መሬት ላይ ለሚቀሩት ጎማዎች ታኮ ይደረጋል። ብሎኖቹ መኪናው ሳይነሳ ይላላሉ። ክሪኩ ጠንካራ ብረት ተፈልጎለት ይገባል። የወለቀው ጎማ ደግሞ ከመኪናው ሆድ ሥር ይጋደማል፤ ክሪኩ ቢከዳ መኪናው የሚያርፈው ጎማው ላይ እንጂ ሰው ላይ እንዳይሆን።

«ክሪክ እንደ አሠሪ ነው» ይል ነበር አያ፤ «ቢያነሳህም አትመነው።»

የግቢው ወለል ነጭ እብነ በረድ ነው። ክሪኩ እንዳይቧጭረው ካርቶን አነጠፍንና ጀመርን። አያ አዲሶቹን ጎማዎች በእጁ እየዳበሰ፣ «ለመኪናው በአንድ ቀን አራት ጫማ!» አለ። የራሱ ነጠላ ጫማ በሽቦ የታሰረ ነበር። ሳቅን። ሦስቱን ያለ ችግር ገጠምን።

አራተኛውን አውልቀን ከሥር እንዳጋደምነው አዛውንቱ ከቤት ወጣ። ጎማው ወለሉ ላይ ጥቁር መስመር ትቶ ነበር።

«ይህን ቆሻሻ ከዚያ አውጣው» አለ።

«ያ ዓም፣ እሱ ለደኅንነት ነው» አለው አያ፣ አጎቴ እንደማለት።

«እኔ የሐበሻ አጎት አይደለሁም። ክሪኩን ለምን ገዛሁት? ካልፈለጋችሁ በሩ ያውላችሁ። ውጭ ማን እንደሚዞር ታውቃላችሁ።»

ጎማውን ራሱ ጎትቶ አወጣው። አያ አዲሱን ለመግጠም ሲዘጋጅ አንድ ብሎን ከእጁ አመለጠና ጎማው ከወለቀበት ከፍሬኑ ዲስክ ሥር ገባ። በሆዱ ተኝቶ ቀኝ እጁን ወደዚያ ሰደደ። ያኔ የግቢው በር ተንኳኳ።

ኢቃማ የሌለውን ሰው ያሠራ ሁሉ በዚያ ወቅት ይቀጣ ነበር። አዛውንቱ ደነገጠ። መኪናው እንደተነሳ እንዳይታይ ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ የክሪኩን ዘንግ ይዞ ማውረጃውን ጠመዘዘው። «እጁ! እጁ!» አልኩ። መኪናው እየተነፈሰ ወረደና ዲስኩ የአያን ጣቶች ከእብነ በረዱ ጋር አጣበቃቸው።

አያ እንዳይጮህ የግራ እጁን ክንድ ነከሰ። አዛውንቱ ዝም በሉ ብሎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፤ ከዚያ ዘንጉን ከክሪኩ ነቅሎ ይዞት ወደ በሩ ሄደ። ክሪክ ያለ ዘንጉ አይነሳም። ትከሻዬን ከመኪናው ሥር አስገብቼ ገፋሁ። ንቅንቅ አላለም።

በሩ ላይ የቆመችው ሳህን ልትመልስ የመጣች የጎረቤት ሠራተኛ ነበረች። አዛውንቱ ስለ እመቤቷ ጤና ጠየቃት። ስለ ልጆቹ ጠየቃት። ሰላምታ አድርሺልኝ አላት። አያ ክንዱን እንደነከሰ በዓይኑ እኔን ያያል።

ተመልሶ ዘንጉን ሰጠኝ። «ያላ፣ በል ቀስ ብለህ አንሳ፤ ወለሉ እንዳይሰነጠቅ» አለ።

አነሳሁት። ሦስቱ ጣቶች ተጠፍጥፈዋል። ሐኪም ቤት አድርሰን ብዬ ለመንኩት።

«መጀመሪያ ጎማውን ግጠም። ደሙንም እጠብ። ከዚያ በሩ ይከፈታል።»

ገጠምኩት። ብሎኖቹን እንደ ደንቡ ፊት ለፊት እያፈራረቅሁ አጠበቅሁ፤ ወለሉን በውሃ መርጫ ጎማ አጠብኩ። አያ ሸሚዙን በእጁ ላይ ጠቅልሎ ግድግዳውን ተደግፎ ይጠብቀኝ ነበር።

ያገኘነው ክሊኒክ ዘበኛ ኢቃማ ጠየቀን፤ የለንም ስንለው አላስገባንም። አያ መንገዱ ዳር ተቀመጠና አሰበ። አራት ዓመት ሙሉ ከፖሊስ የተደበቀ ሰው ነው።

«እጄን ልስጥ» አለ። «የያዙትን ሰው ያሳክሙታል። ቀኝ እጄ ነው፤ ያለሱ ልጆቼን ምን አበላለሁ? አንተ ራቅ ብለህ ቁም።»

ራሱን ስቶ እንዳይወድቅ ደግፌው ሄድኩ። ዋናው መንገድ ላይ የአገራችን ልጆች የተጫኑበት የፖሊስ ሚኒባስ ቆሟል። አያ ፖሊሱ ፊት ቆሞ፣ «ኢቃማ የለኝም፣ ያዘኝ» አለው።

ወጣቱ ፖሊስ ደሙን አየ። «ወንበሩን ታበላሻለህ። ሲድንልህ ና።» ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ? ኢቃማ?»

«እሱን ተወው፣ ልጅ ነው! እኔን ነው የምትወስደው!» አለ አያ። በሩን በግራ እጁ ያዘ። ፖሊሱ እጁን አስለቀቀውና እኔን ገፍቶ አስገባኝ።

መኪናው ሲነሳ በኋላ መስኮት አየሁት። ደሙ እንዲቀንስ ብዬ ከፍ አድርገህ ያዘው ያልኩትን እጁን ከፍ አድርጎ ቆሟል። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ፣ «ጓደኛህ ደህና ሁን እያለህ እኮ ነው፤ መልስለት እንጂ» ብሎ ሳቀብኝ።

የአያን ድምፅ በስልክ የሰማሁት ተጠርዤ ወሎ ከገባሁ ከወራት በኋላ ነው። መካ ውስጥ፣ ጀርወል በሚባል ሰፈር፣ የሆቴል ሠራተኞች በሚያድሩበት ክፍል ተደብቆ ነበር። ቁስሉ መርዞ ሦስቱን ጣቶች የቆረጠለት አብሮት የሚያድር የወጥ ቤት ሥጋ ቆራጭ ነው።

«አሁን ደርቋል» አለኝ። «ፖሊሶቹ አንተን እንደወሰዱህ እኔንም ይወስዱኝ ይሆን? ምን ብላቸው ይሻላል?»

እጅህን ኪስህ ከተህ ቅረባቸው አልኩት።