ባሌ የተመረመረ ጊዜ

ከተጋባን ስድስት ዓመት ሆኖን ልጅ አልመጣም፤ ጥፋተኛዋም ያለ ምንም ምርመራ እኔ ሆንኩ። አማቴ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በመጡ ቁጥር ሩንዳ ላለው ቤታችን አንድ ጀሪካን ጸበል ይዘው ይመጣሉ። የሚቀዳው ግን ለእኔ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ ስጎነጭ አንጀቴ እርር ድብን ይላል። ጸበሉን ጠልቼ አይደለም፤ ለብቻዬ መጠጣቴ ነው ያንገበገበኝ። ባሌን “አንተም ተመርመር” ስለው “እኔ ምን ሆኜ?” ይላል። በመጨረሻ ልብሴን ሻንጣ ውስጥ መክተት ስጀምር ነው እሺ ያለው።

ዌስትላንድስ ሰፈር ያለችው ኬንያዊት ሐኪም ውጤቱን በእስክሪብቶ እየሳለች አስረዳችን። የባሌ ሰውነት የራሱን የዘር ህዋስ እንደ ጀርም ቆጥሮ አንቲቦዲ የሚባል መከላከያ ያመርትበታል። አንቲቦዲው ህዋሱ ላይ ይለጠፋል፤ ከፊሉ እርስ በርሱ ተጣብቆ መንገድ ላይ ይቀራል፣ የደረሰውም የእንቁላሉን ሽፋን አልፎ መግባት ያቅተዋል። ምናልባት በልጅነቱ ኳስ ሲጫወት ብልቱ አካባቢ ተመትቶ ያመጣው መዘዝ ይሆናል አለች። እዚያው ሳቄ አመለጠኝ። ለእሱ አዘንኩ፣ ለራሴ ግን ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ደግሞም መላ አለው፤ አንድ ህዋስ መርጦ በቀጭን መርፌ እንቁላሉ ውስጥ ማስገባት ነው።

ሕክምናውን በጀመርንበት ሳምንት አማቴ ጀሪካናቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። ቁርስ ላይ ቀድተው ሲሰጡኝ ባሌ ብርጭቆውን ከእጄ ወሰደና ግጥም አድርጎ ጠጣው።

“እማዬ፣ ችግሩ የእኔ ነው። እሷ ጤነኛ ናት” አለ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ያን ቀን እንደ አዲስ ወደድኩት። አማቴ ጀሪካኑን ከድነው ወደ ጓዳ ወሰዱት።

እንቁላሎቼ በተወሰዱ ማግስት ከላቦራቶሪው ተደወለ። ሁሉም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረግኩት። “ሆንጌራ ማማ!” አለች ሴትዮዋ፣ በስዋሂሊ እንኳን ደስ አለሽ ስትል። ከሰባቱ እንቁላሎች አምስቱ ከባሌ ዘር ጋር ተዋህደዋል። እልልታዬን የጎረቤት ዘበኞች ሳይቀሩ ሰሙት። ገና ማህፀኔ ውስጥ መግባት፣ ገና መያዝ ነበረባቸው፤ እኔ ግን በዚያች ጠዋት አሸንፌያለሁ።

አማቴ ከሶፋው ተነሥተው መጡና ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ያዙ። “በድዬሻለሁ ልጄ፤ ይቅር በይኝ” አሉ። ትልቅ ሰው ጉልበት ላይ ሲወድቅ አፍታ ሳይቆዩ “ኧረ ይነሡ!” ማለት ወግ ነው። እኔም አልኩ፤ ግን ትንሽ ቆይቼ።