ትክል ድንጋይ ላይ ሳንገባው የቀረው ቃል

ልጅ እያለሁ የምጠላቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እስካሁንም አልተውኳቸውም። ሰው የልጅነቱን ነገር ሲያነሣ የእናቱ ጓዳ፣ የሰፈሩ ዛፍ፣ ፊደል ያስቆጠሩት የኔታ ቀድመው ይመጡለታል። እኔ ዘንድ ግን እነዚህ ሁለቱ ማንንም አያስቀድሙም። አንዱ ጋሼ አስናቀ ናቸው፣ ሌላው ቲቸር ደሳለኝ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ይበልጥ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ አንድ ቀን ረግሜያቸው እረሳቸው ነበር።

ያኔ በእኛ ሰፈር ስካውት ተጀምሮ ነበር። ከጎንደር ፒያሳ ቁልቁል ሲወርዱ ባለች አንዲት ጣሪያዋ የሚያፈስ አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ እንሰበሰባለን። አዳራሿ ውስጥ የላምባ፣ የእርጥብ ሸራና የቃጫ ገመድ ሽታ ተቀላቅሎ ይቀበለናል። ዓይናችንን በሻርፕ ታስረን ገመድ በመቋጠር እንሽቀዳደማለን፤ የተሸነፈ አዳራሹን ይጠርጋል። ሰኞ ማክሰኞና ሌባና ፖሊስ ድሮ የተጫወትናቸው የሕፃን ጨዋታዎች መሰሉን። ስካውት ሰላም የሚባባለው በግራ እጁ ነው፤ ግራ እጅ ለልብ ይቀርባል ብለው አስተምረውናል። እኔ ሞኟ ይህንኑ ይዤ ሄጄ ከገጠር ለመጡት የአባቴ ታላቅ ወንድም ግራ እጄን ዘረጋሁላቸው። እጄን ትክ ብለው አዩና «ምነው፣ ይች ልጅ ጠላት አረገችኝሳ?» አሉ። እናቴ ጭኔን የቆነጠጠችው ቁንጥጫ ሳምንት ሙሉ ጠቁሮ ታየ።

ጋሼ አስናቀ ጡረታ የወጡ ቀያሽ ነበሩ። በልጅነታቸው፣ በንጉሡ ዘመን፣ ስካውት ነበሩና ቅዳሜ ሲደርስ የተተኮሰ ካኪ ቁምጣቸውን ለብሰው፣ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ቀጭን እግራቸውን እያጠፉ እየዘረጉ ይመጣሉ። ሰፈሩ ይስቅባቸዋል፤ እኛ ግን አንስቅም። ኮከብ አይተን አቅጣጫ እንድናውቅ፣ በአንዲት ክብሪት እሳት እንድናነድ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ቲቸር ደሳለኝ ደግሞ ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋ አስተማሪያችን ነው። ወጣት ነው፣ የፓርቲ አባል ነው፣ የሸሚዙ ኪስ እስክሪብቶ አይጎድልበትም። ቁስል ማሰር፣ ስብራት መደገፍ ከእሱ ተማርን። አንድ ጊዜ ቁልቁለት ላይ እግሬ ወልቆ ከተራራው እስከ ቤቴ በጀርባው አዝሎኛል፤ ላቡ አንገቱ ላይ ሲወርድ አንድም ጊዜ «ከበድሽኝ» አላለኝም። ሁለቱም ያለ ምንም ክፍያ፣ ቅዳሜያቸውን ሰውተው ነው የሚመጡት። እንወዳቸው ነበር፤ ጥላቻዬም የመጣው ከዚያው ከመውደዴ ነው።

እኔ የዋልያ ቡድን አለቃ ነበርኩ። ከቡድኔ ትንሹ ጌትነት ነው፤ ከቤታችን አጥር ወዲያ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ገመድ ሲቋጥር ጣቶቹ ይተሳሰሩበታል፣ ፉጨት ላይ ግን የሚስተካከለው የለም። እሱም፣ እኔም፣ ሁላችንም ያን ዓመት የምንጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ ቃል መግባት። ስካውት ቀኝ እጁን አንሥቶ፣ ሦስት ጣቱን ቀስሮ፣ ባንዲራ ፊት ቃሉን ካልተናገረ ስካውት አይባልም። ቃል ያልገባ ስካርፍ አንገቱ ላይ አይታሰርለትም። ስካርፍ የሌለው ደግሞ ለከተራ ታቦታቱ ወደ ቀሐ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ገመድ ይዞ ሕዝቡን መመለስ አይችልም። ያቺን ገመድ መያዝ ነበር ሕልማችን። ንጉሥ ለመሆን እንኳ እንደዚያ አንጓጓም። ጌትነት እናቱን «ከፊት ነው የምቆም፣ ታቦቱ ሲያልፍ ታዪኛለሽ» እያለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቷታል።

ችግሩ ቃሉ ሁለት መሆኑ ነው። ጋሼ አስናቀ «ለእግዚአብሔርና ለአገሬ ያለብኝን ግዴታ ልፈጽም» ብለው ያስጠኑናል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቲቸር ደሳለኝ ይመጣና «ለሕገ መንግሥቱና ለሕዝቦች እኩልነት ታማኝ ልሆን» በሉ ይለናል። ከዚያ በኋላ ያለው፣ ሰውን ሁሉ ልረዳ፣ የስካውትን ሕግ ልጠብቅ የሚለው፣ አንድ ነው። ልዩነቱ የመጀመሪያዋ መስመር ብቻ ናት። አንድ ቀን ጋሼ አስናቀ አፋቸው ተንሸራተተና፣ የልጅነት ነገር ሆኖባቸው፣ «ለንጉሤ» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ ቲቸር ደሳለኝ በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። «ይኸው! ድሮም ጠርጥሬ ነበር!» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ በግራም በቀኝም እጅ ሰላም ተባብለው አያውቁም። የሚነጋገሩት በእኛ በኩል ሆነ። «ለአስተማሪሽ እንዲህ በዪው»፣ «ለሽማግሌው እንዲህ በያቸው» ይሉኛል። እኔም ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ እመላለሳለሁ።

ታኅሣሥ ላይ ቃል ልንገባ በአይሱዙ ተጭነን ትክል ድንጋይ ወደምትባለው ትንሽ ከተማ ሄድን። ከከተማዋ ወጣ ብሎ አያ ምትኩ የሚባሉ ገበሬ ጤፋቸው የታጨደበትን ማሳ ለሁለት ቀን ፈቀዱልን። የውቂያ ሰሞን ነበርና አየሩ ገለባ ገለባ ይሸታል። ማታ በእሳት ዙሪያ ቆሎ ቆረጠምን፣ ዘፈንን፣ ጌትነት በፉጨቱ የአያ ምትኩን ውሾች ግራ አጋባቸው። ሁለቱ ሰዎች ከእሳቱ ወዲህና ወዲያ ተቀምጠው ነበር። እኛ ደስታችን በዝቶ ልብ አላልናቸውም።

ጠዋት ማሳውን ውርጭ አልብሶት አገኘነው። የታጠበ ሸሚዛችንን ለብሰን፣ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ ለባንዲራ የተከልነውን ምሰሶ ከበብን። ጋሼ አስናቀ ከቦርሳቸው ባንዲራ አወጡ፤ ልሙጡን። ቲቸር ደሳለኝም ከቦርሳው አወጣ፤ አርማ ያለበትን። ምሰሶው አንድ፣ ባንዲራው ሁለት ሆነ። ጋሼ አስናቀ ቀድመው የራሳቸውን አሰሩና «ሙሉ፣ ጀምሪ» አሉኝ። እጄን አነሣሁ፣ ልጆቹም አነሡ።

«እንዳትጀምሪ!» አለ ቲቸር ደሳለኝ። «ይኼ ባንዲራ ሕጋዊ አይደለም። ልጆቹን ወንጀል ውስጥ እየከተቷቸው ነው።»

«እኔ በዚህ ባንዲራ ሥር ቃል ስገባ አንተ አልተወለድህም።»

«ያ ዘመን አለፈ፣ ጋሼ! አልፏል! ለምን አይገባዎትም?»

«ያንተም ያልፋል። ወረቀት አሸክመውህ ዘላለም የምትኖር መሰለህ?»

እኛ እጃችን በአየር ላይ ነው። ያስተማሩን ራሳቸው ናቸው፤ ቃል ሊገባ የተነሣ እጅ ቃሉ ሳያልቅ አይወርድም። አንዱም «አውርዱ» አላለንም። ጭቅጭቃቸው ከባንዲራው ወደ ቃሉ፣ ከቃሉ ወደ ደርግ፣ ከደርግ ማን የማንን ዘመድ አሳሰረ ወደሚለው ተሻገረ። የማናውቃቸው የሞቱ ሰዎች ስም እየተጠራ ማሳው ላይ ወደቀ። ጣቴ በብርዱ ደነዘዘ። ቀና ብዬ ሳይ ጌትነት ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደግፎ ይዟል፣ እንባው ደግሞ አገጩ ላይ ደርሷል፤ እጁን ግን አላወረደም። ዛሬም ልቤን የሚያቃጥለኝ ያ የተደገፈ ክንድ ነው።

ከዚያ ቲቸር ደሳለኝ ባንዲራውን ለማውረድ ገመዱን ያዘ፣ ጋሼ አስናቀም ገመዱን ያዙ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ መቋጠር ያስተማሩንን ገመድ ወዲያና ወዲህ ጎተቱት። ምሰሶው የባሕር ዛፍ አጣና ነበርና ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ ሁለቱም ውርጩ ላይ ተዘረጉ። ማንም አልሳቀም።

አያ ምትኩ ጩኸቱን ሰምተው፣ ከኋላቸው የቀበሌ ሚሊሻ አስከትለው፣ ዱላቸውን ይዘው ደረሱ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ምነው ሰዎች! እኔ ልጅ ልታሳድሩ ነው ብዬ ፈቀድሁ እንጂ ስብሰባ ነው ብላችሁኛል? ነገ እናንተ በማኪና ስትሄዱ እዚህ የምጠየቅ እኔ! አንሡልኝ!» አሉ። ጋሼ አስናቀ ሊያስረዱ አፋቸውን ሲከፍቱ ዱላው ወደ ላይ ተነሣ። እጃችንን ያወረድነው ያኔ ነው።

ቁርሳችንን ሳንበላ ድንኳኑን ጠቀለልን። ስንመለስ ቲቸር ደሳለኝ ጋቢና ገባ፤ ጋሼ አስናቀ ከእኛ ጋር ከላይ ሆነው ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ። ልጆቹም ቤታቸው የሚወራውን ያውቃሉና ቀስ በቀስ ወዲህና ወዲያ ተከፋፈሉ። ማታ አብረው የዘፈኑ ልጆች «አባትሽ ካድሬ»፣ «አያትህ ፊውዳል» ተባባሉ። እናቴ ወሬውን ስትሰማ የመጀመሪያ ሥራዋ ካኪ ሸሚዜን የወለል መወልወያ ማድረግ ነበር። «ፖለቲካ ከዚህ ቤት አይገባም!» አለች። ሸሚዝ እንጂ ፖለቲካ እንዳልሆነ ብነግራትም አልሰማችኝም።

የከተራ ዕለት ከጌትነትና ከእናቱ ጋር ወደ ቀሐ ወረድን። ገመዱን የማናውቃቸው ጎረምሶች ይዘውታል። ጌትነት ያው ከፊት ልቁም ብሎ በሰው እግር መካከል ሹልክ ብሎ ወጣ። አንዱ ጎረምሳ ደረቱን ገፍትሮ «ወደ ኋላ! ማን ነኝ ብለህ ነው?» አለው። ጌትነት ሦስት ጣቱን አንሥቶ አሳየው። ጎረምሳው ሳቀበት። ታቦቱ በእልልታ ሲያልፍ እኛ የሰው ጀርባ ነው ያየነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰዎች የየራሳቸውን ስካውት አቋቋሙ አሉ፤ ሁለቱም ዓመት ሳይሞላቸው ፈረሱ። እኛን ወላጆቻችን ወደ አንዱም አልላኩንም።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ የጋሼ አስናቀ የመጨረሻ ልጅ ተዳረች። ሙሽራው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የቲቸር ደሳለኝ ታናሽ ወንድም። የጥሪ ካርዱ ላይ የሁለቱን ቤተሰብ ስም ጎን ለጎን ሳይ ሳቅም ንዴትም መጣብኝ። ሄድኩ፤ አልቀርም። አዳራሹ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ ላንዱ እያጎረሰ አገኘኋቸው። ጋሼ አስናቀ ከዘራ ይዘዋል፣ ቲቸር ደሳለኝ ፀጉሩ ሸብቷል።

«ነይ እስቲ፣ የዋልያዋ አለቃ!» ብለው ጠሩኝ። ቲቸር ደሳለኝ የትክል ድንጋይን ነገር ለገበታው ሰው ማውራት ጀመረ። ምሰሶው እንዴት እንደተሰበረ፣ የአያ ምትኩ ዱላ እንዴት እንደተነሣ ሲያወራ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ አስናቀ ከሳቃቸው ብዛት ዓይናቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም።

«ግን የተጣላችሁበት ቃል ምን ነበር?» አልኳቸው።

ጋሼ አስናቀ አሰቡ። «ኧረ እንጃ ልጄ፣ እርጅና ነው... አገር የሚል ነበረበት።» ቲቸር ደሳለኝም ራሱን አከከ። «እኔም እንጃ። ያ ፓርቲም ፈርሶ የለ፣ ማን ያስታውሰዋል?» ብሎ ሳቀ።

ሁለቱንም ቃል ቆሜ፣ አንድ ፊደል ሳልገድፍ በቃሌ አነበነብኩላቸው። ገበታው አጨበጨበልኝ። «ጭንቅላት ማለት ይኼ ነው!» አሉ። ጋሼ አስናቀ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «ያ የሚያፏጨው ልጅስ፣ የት ደረሰ?» ብለው ጠየቁኝ።

ጌትነት ጠመንጃ ይዞ ከወጣ ከረመ። ከየትኛው ወገን እንደሆነ እናቱ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። በዛሬዋ ጎንደር እንዲህ ያለ ነገር ጎረቤት ጎረቤቱን አይጠይቅም። ማታ ማታ በሩ ኮሽ ባለ ቁጥር ብድግ እንደምትል ግን በአጥሩ በኩል እሰማለሁ። ልጆች እያለን አንዲት ቃል የሚያስገባን አጣን፤ ዛሬ ቃል የሚያስገባው ሞልቷል።

«ቃል ገብቷል» አልኳቸው።

«ለማን?» አሉኝ ሁለቱም፣ በአንድ አፍ።

እነዚያን ሁለት ሰዎች በአንድ አፍ ሲናገሩ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።