ድልድዩ ላይ ቀበቷቸውን የፈቱት እናት

ሲያትል ውስጥ ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ የማላውቀው መንገድ የለም ብዬ አፌን ሞልቼ እናገር ነበር። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ አንድ የጥር ጠዋት፣ ከሲታክ ኤርፖርት አንዲት አሮጊት ፒክ አደረግሁ። ከሰሜን፣ ኦጂብዌ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ከሚኖሩባት የሐይቅ ደሴት ነው የመጡት። ከሐይቁ ላይ በታንኳ የለቀሙትን የዱር ሩዝ ለልጃቸው ይዘው በከረጢት ታቅፈዋል። ልጅየዋ የምትኖረው ከከተማችን ሐይቅ ድልድይ ማዶ ነው።

ድልድዩ ላይ ስንወጣ የመቀመጫ ቀበቷቸውን ፈቱና መስኮቱን እስከ ታች ከፈቱት። ብርዱ ጆሮዬን ቆረጠው።

"እማማ፣ ኧረ ይዝጉት! ቀበቶውንም ይሰሩት!"

"ውሃ ላይ ነን እኮ ልጄ" አሉ ረጋ ብለው።

ደሴታቸው ላይ ሐኪም ቤት የለም። ብርዱ ሲጠና ሐይቁ በረዶ ሆኖ ይጠጥርና ወደ ሐኪም በመኪና የሚሄዱት በበረዶው ላይ ነው። በረዶው ከከዳ ቶሎ ለመውጣት ቀበቶ ይፈታል፣ መስኮት ይከፈታል። ሕፃን እንኳ ያውቀዋል አሉኝ።

ሳቅሁ። "ኦኬ እማማ፣ ይሄ ግን ኮንክሪት ነው። እግሩ ሐይቁ ወለል ድረስ ተተክሏል። በቀን አራት ጊዜ እመላለስበታለሁ።"

በመስኮቱ ብቅ ብለው ወደ ታች አዩ። "ውሃው ላይ ተኝቷል እኮ!"

ቤቱ ደርሰን ልጃቸው በሩን ስትከፍት፣ "እባክሽ ስለ ድልድዩ እግር አስረጃቸው" አልኳት።

"የምን እግር?" አለች። "ተንሳፋፊ ነው እኮ! ከሥር ደግፎ የያዘው ባዶ የኮንክሪት ሣጥን ነው።"

መመለሻዬ በዚያው ድልድይ ነበር። ቀበቶዬን ፈትቼ፣ አራቱንም መስኮት ከፍቼ ተሻገርኩ።