በአሮጌው ቦይ ዳር የተበቀልኩበት ቀን

ባለፈው ወር ሐኪሜ ጉልበቴን አየችና ደረጃና ዳገት ከለከለችኝ። ሜዳ መንገድ ላይ ብቻ እንድራመድ ነገረችኝ። ልጄ ስልኳን ስትጎረጉር ቆይታ፣ ከቶሮንቶ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነድተን የምንደርስበት፣ ዳገት የሚባል የሌለው የወንዝ ዳር መንገድ አገኘችልኝ። ፎቶውን ስታሳየኝ ወዲያው አወቅኩት። አሮጌ የመርከብ ቦይ፣ ሣር የበቀለበት የድንጋይ ግድግዳ፣ ከጎኑ ቀስ ብሎ የሚሄድ ወንዝ።

"ሄደሽ ታውቂያለሽ እንዴ?" አለችኝ።

"አንድ ጊዜ፣ ከሐበሾች ጋር" አልኳት። ለእሷ ያልነገርኳትን እዚህ ልጻፈው።

ቶሮንቶ የገባሁት በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ፍሌሚንግደን ፓርክ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ከሁለት ሴቶች ጋር እኖር ነበር። የጥገኝነት ጉዳዬ በሚታይበት ቀን፣ ሂሪንግ በምንለው ቀን፣ አስተርጓሚ ሆነው የቀረቡት ጋሼ ጌታሁን ነበሩ። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ወደ ኋላ አበጥረው ሳያቸው ልቤ ተረጋጋ። አገር ቤት እኔና ታናሽ ወንድሜ አብረን ተይዘን ነበር። እኔ ወጣሁ፤ እሱ አልወጣም። ያንን እያለቀስኩ ተናገርኩ። "ሦስት ሌሊት አሰሩኝ" አልኩ። ዳኛዋ አንድ ነገር ጠየቀች።

"ለምን እዚያ አደርሽ ትልሻለች" አሉኝ ጋሼ ጌታሁን።

ጥያቄው ግራ አጋባኝ። "ምን ምርጫ ነበረኝ?" ብዬ መለስኩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጉዳዬ ውድቅ መደረጉን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣልኝ። ጠበቃዬ ይግባኝ ስትል ሂሪንጉ የተቀዳበትን ካሴት ሰጠችኝ። ያኔ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጥብ፣ ከሥራ በኋላ እንግሊዝኛ እማር ነበር። ያንን ካሴት በዎክማን፣ አውቶቡስ ላይ፣ ጠዋት ስሄድና ስመለስ አዳምጠው ነበር። መጀመሪያ የሚገባኝ የራሴ ድምፅ ብቻ ነበር። ከወራት በኋላ የእሳቸውም እንግሊዝኛ ገባኝ። አሰሩኝ ያልኩትን "ሦስት ሌሊት እዚያ አደርኩ" ብለው ነው ለዳኛዋ የነገሯት። ምን ምርጫ ነበረኝ ያልኩትን ደግሞ "ሌላ ማደሪያ አልነበረኝም" ብለውታል። ዳኛዋ እንግዲህ ወንድሜን ከወሰዱት ሰዎች ቤት በፈቃዴ በእንግድነት የሄድኩ መስሏታል። አውቶቡሱ መውረጃዬን አልፎ ሲሄድ እንኳ ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም።

ይግባኙ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። በመካከሉ እናቴ ታመመች። ወረቀት የሌለው ሰው ከወጣ አይመለስም፤ ስለዚህ አልሄድኩም። መርዶዬን ያረዱኝ እዚያው አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ የጎረቤት ወንበር ተሰብስቦ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ጌታሁንን በልቤ ይዤ መዞር ጀመርኩ። ሳህን ሳጥብ፣ አንሶላ ሳጥፍ፣ የምላቸውን እለማመድ ነበር።

ይግባኙ ተሳክቶ ወረቀቴን ባገኘሁበት የካናዳ በጋ፣ ፍልሰታ ሊገባ ሲል፣ ያካባቢው ሐበሾች ቢጫ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ተከራይተን ለሽርሽር ወደ አሮጌው ቦይ ወጣን። ቀይ ወጡ በአይስክሬም ባልዲ ተሞልቶ፣ እንጀራው በፎጣ ተጠቅልሎ ተጫነ። መንገድ ላይ ከገበሬዎች የበቆሎ እሸትና ኮክ ገዛን። በቆሎው ስኳር የተነከረ ይመስል ነበር፤ አብረውን የመጡት እናቶች "ይኼስ በቆሎ አይደለም" እያሉ ሦስት ሦስት በሉ።

ጋሼ ጌታሁን ከፊት ወንበር ከባለቤታቸው ከእትዬ ሮማን ጋር ተቀምጠው ነበር። ባጠገባቸው ሳልፍ ፈገግ አሉ። "ስምሽ ማነው የኔ ልጅ?" አሉኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጬ አልቅሻለሁ፤ ፊቴን እንኳ አላስታወሱትም።

መንገዱ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ነው። ድሮ ጀልባ የሚጎትቱ ፈረሶች ይሄዱበት ነበር አሉ። በአንድ በኩል ወንዙ፣ በሌላ በኩል ቦዩ። እኔ ከኋላቸው እሄዳለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከግድግዳው ጠርዝ በቀረቡ ቁጥር እጄ ያሳክከኝ ነበር። አንድ ግፊት ይበቃቸው ነበር።

ድሮ ለመርከብ ይከፈትና ይዘጋ የነበረ አንድ የፈረሰ የውኃ በር ጋ ስንደርስ የሚያስጎበኘን ጡረተኛ ፈረንጅ ቆሞ ማስረዳት ጀመረ። ጋሼ ጌታሁን ጉሮሯቸውን ጠርገው ለእናቶች ይተረጉማሉ። ሰውየው ቦዩን በእጃቸው ከቆፈሩት ብዙዎቹ በበሽታ እንደሞቱና እዚሁ አካባቢ እንደተቀበሩ ተናገረ።

"ሠራተኞቹ እዚህ ያርፉ ነበር ይላል" አሉ ጋሼ ጌታሁን።

"ሞተው እዚህ ተቀበሩ ነው ያለው" አልኩ እኔ ጮክ ብዬ።

ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት እማማ አበበች የያዙትን በቆሎ ዝቅ አደረጉ። "ታዲያ ሰው ላይ ቆመን ነው የምንበላው?" ብለው አማተቡ።

ጋሼ ጌታሁን ሳቅ ብለው ለማለፍ ሞከሩ። አላሳለፍኳቸውም። በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገርም አረምኳቸው፣ በሚቀጥለውም። ትንሿን ስሕተት እንኳ አልተውኩላቸውም። በአራተኛው ላይ መተርጎሙን ተዉ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። 'አሰሩኝ' በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?"

ትንሽ አስበው ትክክለኛውን ቃል ነገሩኝ።

"ያውቁታል ማለት ነው" አልኩ። ከዚያ እዚያው፣ በሁሉም ፊት፣ ስለ ሂሪንጉ፣ ስለ ካሴቱ፣ ስለ እናቴ ተናገርኩ። አንድ ቃል አልጠፋብኝም፤ ስንት ወር ሙሉ የተለማመድኩት ነው። እትዬ ሮማን አንገታቸውን ደፉ። ሌላው ሰው ሁሉ ጋሼ ጌታሁንን ያያል። ያንን ማየት ከኮኩ ይልቅ ጣፈጠኝ።

ስንመለስ ጋሼ ጌታሁን ጠብቀው አጠገቤ መራመድ ጀመሩ።

"የዚያን ቀን ሦስተኛዋ ባለጉዳይ ነበርሽ መሰለኝ" አሉ። "ደክሞኝ ነበር።"

ጠላቴ ናቸው ብዬ ነበር የኖርኩት። ለካ ደክሟቸው ነው። ይህ ከጠላትነት የባሰ አንገበገበኝ።

"ይቅር በይኝ" አሉ።

"አልልም" አልኳቸው፤ ርምጃዬን አፍጥኜም ጥያቸው ሄድኩ።

አውቶቡሱ ቶሮንቶ ሳይገባ ወሬው በየወንበሩ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሳቸውን ያስተርጉሙልኝ የሚል ጠፋ። ስካርቦሮ የምትኖር አንዲት ሴት እናቷን ይዛ እኔ ዘንድ መጣች፤ የአስተርጓሚነት ሥራውን የጀመርኩት በዚያው ነው። እሳቸው በየለቅሶ ቤቱ ከበር አጠገብ ብቻቸውን ተቀምጠው ሳያቸው ደስ ይለኝ ነበር። ደስ አይለኝም ነበር ብል ውሸት ነው።

ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድ ሆስፒታል ጠራኝ። ስትሮክ የመታቸው ሽማግሌ እንግሊዝኛቸው ጨርሶ ጠፍቶባቸዋል፤ የቀረላቸው አማርኛ ብቻ ነው አሉኝ። ስማቸውን ሰማሁ። ሌላ ሰው ፈልጉ ማለት እችል ነበር፤ ግን ሄድኩ። ሐኪሙ መናገር ሲጀምር እትዬ ሮማን እጅጌዬን ያዝ አድርገው "እባክሽ፣ ትንሽ አለስልሺለት" አሉኝ።

"ቀኝ ጎንዎ አይመለስም" አልኳቸው። "ከእንግዲህ ቆመው አይሄዱም። ሁለተኛ ከመታዎት አይተርፉም።" አንድም ቃል አልቀነስኩም፣ አልጨመርኩም።

ቀና ብለው አዩኝ። ያወቁኝ ይመስለኛል። "ያለው ይህንን ብቻ ነው?" አሉኝ።

"ይህንን ብቻ ነው።"

በሚቀጥለው ዓመት ዐረፉ። ለቅሶ አልደረስኩም።

የአስተርጓሚ ደንብ የተባለውን ሁሉ እንዳለ ተናገር ይላል፤ ያደረግኩትም ያንኑ ነው። ነገር ግን ለሌሎች በሽተኞች ክፉ ወሬ ስናገር ቃሉን ሳልለውጥ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ አልጋው ላይ ቁጭ እላለሁ፤ እጃቸውንም እይዛለሁ። ለእሳቸው ቆሜ ነው የተናገርኩት። ያንን ያዘዘኝ ደንብ የለም።

ልጄ ቅዳሜ ልትወስደኝ ነው፤ ጫማም ገዝታልኛለች። መንገድ ላይ ብትጠይቀኝ እነግራት ይሆናል። ያኔም ሆነ ሌላ ጊዜ ተጸጽተሻል ወይ ካለችኝ፣ የእናቴ ሙት ዓመት በሚውልበት ሰሞን ከሆነ አልተጸጸትኩም እላታለሁ። በሌላው ጊዜ ምን እንደምላት አላውቅም።