ዱላና ቦምብ በአሸተን ማርያም ዳገት

በቅሎ ማከራየት በጀመርኩበት ቀን የማኅበራችን ሊቀ መንበር ጋሼ ሞላ ሁለት ነገር አስጠነቀቁኝ። «ኮርቻውን እንግዳው ሳይወጣ አንዴ፣ ከወጣ በኋላ አንዴ ታጠብቂያለሽ። ተራ ደግሞ አትነጥቂም።» አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በቅሎ ያቅተኛል? አንዴ ብቻ አጠበቅሁ። የመጀመሪያ እንግዳዬ አሸተን ማርያም ገዳም ሳትደርስ ከነኮርቻዋ ዞራ ከበቅሎዋ ሆድ ሥር ተገኘች። ደግነቱ ሜዳ ላይ ነበርን።

ተራ መንጠቁን የጀመረው ባልደረባዬ አበባው ነው። እሱ ደግሞ «አንቺ ነሽ» ይለኛል። እንግዳ የምንጠብቀው ከዳገቱ ግርጌ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይጭናል። አበባው ሆቴል በር ድረስ ወረደ። እኔ ሆቴሉን አልፌ መታጠፊያው ላይ ቆምኩ። እሱ እኔን አለፈ። በሳምንቱ ሁለታችንም ከከተማ ወጥተን፣ ሰው በማያልፍበት አቧራ ላይ ተፋጠጥን። እንግዶቹን ሌሎቹ ጫኗቸው።

ከዚያ አበባው ወፍራም የወይራ ዱላ ይዞ መጣ። «ለጅብ ነው» አለ። በቀትር! በማግስቱ ከሱ የወፈረ ያዝኩ። እሱ ጫፉን ብረት አስገጠመ፤ እኔም አስገጠምኩ።

ጋሼ ሞላ አይተው፣ «አንዳችሁ ዱላ ብታነሱ ሁለታችሁም ከማኅበሩ ትወጣላችሁ» አሉ። ቤታችን የሚበላው በዚያች በቅሎ ነው። ፈራሁ። ስለፈራሁም ዱላዬን ይበልጥ ጨበጥኩ።

አንድ ቀን እኛ አገር አስተምረው አማርኛ የለመዱ፣ ጡረታ የወጡ ህንዳዊ መምህር ጭኜ ስወጣ፣ እንደ ልማዴ አፌ አላርፍ አለ።

«እናንተና ፓኪስታን ጎረቤት አይደላችሁም እንዴ? ኒውክሌር ቦምብ ምን ያደርግላችኋል?»

ሳቁ። «እኛ ቻይናን ፈራን። ፓኪስታን እኛን ፈራች። ደግሞ ቦምብ ያለውን አገር ማንም አይንቀውም።»

«ታዲያ አሁን ጣሉት እንጂ!»

«ማን ቀድሞ?»

«በዚህ ዕድሜያችሁ እንደ ልጅ!» አልኳቸው።

ዱላዬን አዩት። «ይሄስ?»

«ይሄ ሌላ ነው። ልመታበት አይደለም፤ እሱ እንዳይመታኝ ነው።»

ያልኩት ለራሴም ተሰማኝ። ዱላውን ግን አልጣልኩም።

መንገዱ ገደል አፍ ላይ በሚጠብበት ቦታ አበባው ባዶ በቅሎውን እየነዳ ወረደብን። ደንቡ ባዶዋ ተጠግታ የተጫነችውን ታሳልፋለች የሚል ነው።

«አሳልፈኝ!»

«ትናንት ተራዬን በልተሽ? ተመለሺ!»

«ሰው ጭኛለሁ፤ ዐይንህ ጠፋ?»

ዱላውን አነሳ። ወደ ታች ለማመልከት ነው ይላል እስከ ዛሬ። እኔም አነሳሁ። በቅሎዬ ከሁለት ዱላ መሃል ደንግጣ ወደ ኋላ አፈገፈገች። የኋላ እግሯ ጠርዙን ረገጠ፤ ድንጋይ ወረደ። መምህሩ በአገራቸው ቋንቋ ጮኹ።

በአንድ እጄ ገመዱን ብስበው አልበቃም። ዱላዬን ወረወርኩና በሁለት እጄ ልጓሙን ያዝኩ። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ በዚያች ቅጽበት እንኳ ከገደሉ ይልቅ የፈራሁት የአበባውን ዱላ ነበር። እሱ ግን የራሱን ጥሎ በተራራው በኩል ዘለቀና ኮርቻውን ጎተተ። በቅሎዋ ወደ መንገዱ ወጣች።

ጋሼ ሞላ ወሬውን ሰምተው ሊያባርሩን ተነስተው ነበር። መምህሩ ራሳቸው፣ «ሁለቱም ጥለዋል፤ አይቻለሁ» ብለው ለመኑልን። ቅጣቱ የአንድ ወር ተራ ማጣት ሆነ።

«ማነው ቀድሞ የጣለ?» ሲሉ ጋሼ ሞላ፣ «እኔ!» አልን ሁለታችንም፣ እኩል። በዚህም እስካሁን እንከራከራለን።

ከሥራው የተማርኩት ይህን ነው፦ ገደል አፍ ላይ በቅሎ በሁለት እጅ ነው የሚያዝ። ዱላ የያዘ ሰው አንድ እጅ ይጎድለዋል።