አሥረኛው እግር

የልብስ ፋብሪካው ሴቶች «ዶክተሯ» ይሏት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የስፌት መኪና ስትጠግን ኖራ ጡረታ ወጥታለች፤ ኮምፒውተር ሆዱ ተከፍቶ ስታይ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

የእህቷ ልጅ ዕቃውን ለየብቻ ገዝታ ራሷ ገጣጥማው ነበር። ማብሪያውን ብትጫን ብትጫን ጭጭ!

«በቃ አክስቴ፣ ተቃጥሏል» አለች ልጅቱ።

«ያልሞተ ሰው አትቅበሪ! እስቲ ፍቺው።»

ሁሉ ነገር የሚሰካበት ሰሌዳ ተፈቶ ሲወጣ፣ ዶክተሯ ገልብጣ በመነጽሯ አየችውና ወደ መብራቱ አስጠጋችው። ከፀጉር የቀጠነ መስመር፣ ሺህ ቦታ እየታጠፈ፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ ያልፋል። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ስፌት አይታ አታውቅም።

«ኧረ ይህን የሰፋው ማነው?»

«ማሽን ነዋ።»

«ማሽኑን የሚጠግነውስ?»

ልጅቱ የፈታቻቸውን ብሎኖች መሰብሰብ ጀመረች። ዶክተሯ ግን የከፈተችውን ሁሉ መቁጠር ልማዷ ነውና ቆጠረች። ሰሌዳው ዘጠኝ የብሎን ቀዳዳ አለው፤ ሣጥኑ ውስጥ ሰሌዳውን የሚሸከሙት የናስ እግሮች ግን አሥር ናቸው። አሥረኛው ቀዳዳ በሌለበት ቆሞ፣ የሰሌዳውን ጀርባ እየነካ ሾርት ያደርገው ነበር። ነቅላ ኪሷ ከተተችው።

መልሰው ገጥመው ማብሪያውን ሲጫኑት ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ ቦግ አለ። ልጅቱ በደስታ ዘለለች።

ዶክተሯ ስክሪኑን ዞር ብላም አላየችው።

«በይ አጥፊና ፍቺልኝ።»

«እንዴ አክስቴ! ሠራ እኮ!»

«ገባኝ። ቅድም ያን ስፌት ያየሁት ለሥራ ነው።»